አዴ ዘሃራ አንዴ ብቻ ነው የተነሱት

እኔ ምላሴ ረጅም ነው። ጭሮ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርብኛል። የባጃጅ ሹፌር ቢያላግጥብኝ ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ ድረስ መልስ አላጣለትም። አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ግድ ሲሆንብኝ ግን ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። የማወራችሁ ሳልናገር ስላሳለፍኳቸው ቀናት ነው።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ከደረጀ ጋር ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት ነበረችን። ደረጀ በፊልም ዘመን ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ እያጠበ ያደገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ካሜራ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቆይቶ ግን ሥራው ወደ እኔ አደላ፤ ምክንያቱም በእኛ በኩል በሙስሊም ሰርግ ላይ ሴቶቹ ያሉበት ድንኳን ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። ከጭሮ እስከ ቦኬ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር “ያቺ ጴንጤዋ ትምጣልን” መባል ተጀመረ። እኔም ልቤ አበጠ፤ ምን ይደበቃል።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ለአሥር ቀን ሥልጠና ሄድኩ። እዚያ ስለ ሮው ተማርኩ። ለማታውቁት ላስረዳ፤ ካሜራ ያነሳውን በሁለት ዓይነት መንገድ ያስቀምጣል። አንደኛው ጄፔግ ነው፤ ካሜራው ራሱ አብስሎና ጨምቆ ያቀርብላችኋል፣ የትም ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ሁለተኛው ሮው ነው፤ ሌንሱ ያየውን ሁሉ ጥሬውን ያስቀምጣል። ሚሞሪ ይፈጃል፣ የራሱ ፕሮግራም ከሌለም አይከፈትም። ግን የተበላሸን ቀለም እንደ ልብ ያስተካክላል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ የድንኳን ሸራ ነበር። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ሙሽራዋ ሰማያዊ፣ ቢጫ ከሆነ የወባ በሽተኛ መስላ ትወጣለች። መድኃኒቱን አገኘሁ ብዬ እየበረርኩ ተመለስኩ።

“ደረጀ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምናነሳው በሮው ነው” አልኩት፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ።

“ጥሬውን የሚበላው ሥጋ ነው እንጂ፣ ጥሬ ፎቶ ለምን ይሆናል?” ብሎ ሳቀ።

“አንተ እንደሆንክ እዚያው ፊልምህ ላይ ቀርተሃል።”

“እሺ፣ ቢያንስ ሁለቱንም አድርጊው። ካሜራው አንድ ላይ ያስቀምጥ የለም እንዴ? አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ይተርፋል።”

“ሁለቱንም ካደረግኩ ሚሞሪው ወዲያው ነው የሚሞላው። ያለን ሁለት ሚሞሪ ነው፣ ሰርጉ ሐሙስ ነው።”

“እንግዲያው ለሐሙሱ በጄፔግ አንሺ። ያ አሮጌ ኮምፒውተር የዚህን ካሜራ ሮው አይከፍትም።”

“ይከፍታል!”

“አሥር ቀን ሄደሽ መጥተሽ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?”

ይህን ሲል ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ነበር። አንደኛው ሳቅ አመለጠው። በቃ፣ አኮረፍኩ። እኔ ስኮርፍ ደግሞ የዋዛ አይደለሁም። ምሳ አቀርባለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ቃል ግን ከአፌ አይወጣም። ደረጀም ይህን ስለሚያውቅ እስኪበርድልኝ ዝም ይላል። በትዳራችን ለምደነው ነበር፤ ኩርፊያ ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

ሐሙስ ብቻዬን ቦኬ ወረድኩ። ሙሽራዋ ፈቲያ ትባላለች። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ሳቂታ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያጋባች የምትናገር። ባሏ ጅቡቲ ነው የሚሠራው፤ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ ይዟት ሊሄድ ነው። ገና ልብሷን እያስተካከልኩላት ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

“እናቴን አንሺልኝ” አለችኝ። “ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም። ጅቡቲ ስሄድ እሷን ይዤ ልሂድ።”

እናትየው አዴ ዘሃራ ናቸው፤ አዴ የሚሏቸው እንደ እናት ነው። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። መታወቂያ እንኳ አላወጡም፤ ከቦኬ ገበያና ከእርሻቸው አልፈው ብዙም ስለማይሄዱ የጠየቃቸው የለም። ያን ጊዜ ካሜራ ያለው ስልክ በሰው እጅ እንደዛሬ አልበዛም፤ በእጁ የያዘውንም ሁሉ “ዞር አድርገው” እያሉ ነው የኖሩት።

ከሰዓት በኋላ አንደኛው ሚሞሪ ሞላ። ሁለተኛውን አስገብቼ ሄድኩባቸው።

“አዴ፣ ለፈቲያ ሲሉ አንድ ጊዜ ላንሳዎት” አልኳቸው።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መልኬን አላህ ያውቀዋል። ወረቀት ላይ ምን ያደርጋል?”

“ማሎ አዴ፣ ማሎ” ብላ እየለመነች ፈቲያ እግራቸው ላይ ወደቀች። ያ ሁሉ ኩል በጉንጯ ወረደ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቋርጠው ያዩ ጀመር።

አዴ ዘሃራ ልጃቸውን አንስተው አቀፏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “እሺ። አንዴ። አንዴ ብቻ። ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ወንድ አያየውም። ለሷ ነው። ወላሂ በይ።”

“እኛ መማል አይፈቀድልንም አዴ።”

ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። “የማይዋሽ ሰው መሐላ አያስፈልገውም። አንሺ” አሉኝ።

ከፈቲያ ጎን ቆመው አራት ጊዜ አነሳኋቸው። እጃቸው የፈቲያን እጅ ጨብጦ ነበር። የካሜራውን መስታወት ሳይ ሁለቱም ሰማያዊ ሆነዋል። ግድ የለም፣ ሮው ነው፣ ቤት ሄጄ አስተካክለዋለሁ አልኩ። በራሴ እንዴት ኮርቼ እንደነበር!

ዓርብ ጭሮ ገባሁ። ደረጀ ውጭ ነበር። የጓጓሁት ለአዴ ዘሃራ ስለነበር ሁለተኛውን ሚሞሪ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ነጭ በነጭ! የፎቶ ምልክት እንኳ የለውም፤ ተርታውን ነጭ ወረቀት የመሰለ ነገር ብቻ። ፕሮግራሙ አልከፍትም አለ። ደረጀ ልክ ነበር። ያ ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ። አዲሱን ፕሮግራም ከኮምፒውተር ጠጋኙ እቀበላለሁ፣ እስከዚያ ለሱ ምንም አልናገርም ብዬ፣ ሚሞሪውን እዚያው እንደተሰካ ትቼ ወደ መዝሙር ልምምድ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ስለ ፎቶ ቤታችን ደንብ ልንገራችሁ። ወደ ኮምፒውተሩ ያልተገለበጠ ሚሞሪ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የተገለበጠ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሚሞሪ ነጻ ነው፣ የፈለገ አጥፍቶ ይጠቀምበታል። ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ደረጀን የምቆጣበት ደንብ ነው። ዓርብ ግን በንዴት መሳቢያውን ረሳሁት።

ደረጀ ቅዳሜ በጠዋት ሚኤሶ የአጸደ ሕጻናት ምረቃ ሊያነሳ ሄደ። ማታ ሲመለስ እኔም ፕሮግራሙን ተቀብዬ መጥቻለሁ። ሚሞሪው በቦታው የለም።

“ሚሞሪው የታለ?” አልኩት። ከስንት ቀን በኋላ ያናገርኩት የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

“እነሆ፣ ካሜራው ውስጥ። ቫይረስ ገብቶበት ነበር፣ ፎርማት አድርጌው ነው የሄድኩት።”

“ምን አደረግከው?”

“ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር እኮ። ባለፈው ወር የዚያን ሁሉ ሰው ፎቶ የበላብን ቫይረስ መስሎኝ ወደ ኮምፒውተሩ ሳይዛመት ብዬ…” አለና ፊቴን አይቶ አቆመ። “መሳቢያ ውስጥ ስላልነበር ገልብጠሽዋል ብዬ ነው። አላናገርሽኝም፣ ነገሬን ሰምተሽ በጄፔግ ያነሳሽ መስሎኝ ነው። ሰናይት፣ ምን ነበረበት?”

ደረጀ ሮው ፋይል አይቶ አያውቅም ነበር። ደህና ቀን ቢሆን “ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን እየተኮራረፍን ስለነበር ሳይጠይቅ አጠፋው፤ በላዩም አራት መቶ የሚያህል የሕጻናት ፎቶ አነሳበት። ጮህኩበት፣ ሰደብኩት፣ የማይባል ነገር አልኩት። እሱ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ ቀረ።

ሰኞ ኮምፒውተር ጠጋኙ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈተልን። እኔና ደረጀ ከኋላው ቆመን ያቺን የምትሞላ አረንጓዴ መስመር እናያለን። ግማሽ ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ መብራት ሲመጣ እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ጭፈራው ወጣ፤ እልል የሚሉት ሴቶች ወጡ። አዴ ዘሃራ ያሉበት አልወጣም፤ የሚኤሶ ሕጻናት ላያቸው ላይ ተቀምጠውባቸዋል። ከአራቱ የተረፈው አንዱ፣ እሱም ቁራጩ ነው። ከላይ ትንሽ የድንኳን ሸራ፣ ከሥሩ የፈቲያ ራስ ጌጥና የእናቷ ቢጫ ሻሽ አናት ይታያል። ከዚያ በታች ግራጫ ነው፣ እስከ መጨረሻው።

“ከዚህ ሌላ የለም” አለ ሰውዬው።

ማክሰኞ ፈቲያ ደወለች። “የእናቴ ደረሰ?”

አፌን ከፈትኩ። “ጠፋ” ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ፊደል ነው።

“አዲስ አበባ ነው የሚታተመው፣ የተለየ ወረቀት ላይ። በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል” አልኳት።

“አልሃምዱሊላህ! ገለቶሚ እህቴ” ብላ አመስግናኝ ዘጋች።

ደረጀ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። “ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ” አለኝ ቀስ ብሎ። “ነገ ቦኬ እንሂድ። ጥፋቱን በኔ አድርጊው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ብለን እግራቸው ላይ እንወድቃለን፣ እንደገና ታነሺያቸዋለሽ።”

“አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። እሺ ባይሉስ?”

“እሺ ባይሉም እውነቱን ይወቁ።”

“ስሜስ? ከእንግዲህ ማን የሴት ድንኳን ያስገባኛል? ‘ያቺ የምታጠፋዋ’ ልባል?”

እውነቱ ይሄ ነበር። ለአዴ ዘሃራ አይደለም የተጨነቅኩት፣ ለስሜ ነው። እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ እየዘመርኩ፣ በሳምንቱ መሐል ይህን አልኩ።

ቅዳሜ ጉዱ መጣ። የገበያ ቀን ስለነበር ፈቲያ እናቷን ይዛ ከቦኬ ጭሮ ወጣች፤ ለጅቡቲ የሚሆን ዕቃ ሊገዙ። ሳልጠብቅ በሩ ላይ ቆሙ። ደረጀ አሮጌዋን ወንበር አቧራዋን ጠርጎ አቀረበላቸውና፣ ሴቶች ናቸው ብሎ እንደ ደንቡ ወደ በሩ ወጣ አለ። ወንበሯ ምን መሰለቻችሁ? ሰው የምናነሳባት ወንበር ናት። ሁለቱም መብራቶች በአዴ ዘሃራ በኩል ዞረው ቆመዋል፣ ካሜራው ማቆሚያ እግሩ ላይ ሆኖ ፊት ለፊታቸው ነው። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።

ከመጀመሪያው ሚሞሪ የወጡትን ፎቶዎች ሰጠኋቸው። እነዚያ በቦርሳዬ ስለነበሩ ተርፈዋል፣ በአዲሱ ፕሮግራም ቀለማቸውን አስተካክያቸዋለሁ። እንዴት እንዳማሩ! የሰው ቆዳ የሰው ቆዳ መስሏል። ፈቲያ አንድ በአንድ እያየች ትስቃለች። መጨረሻው ላይ ደርሳ ቀና አለች።

“የእናቴስ?”

“ነግሬሽ የለ፣ አዲስ አበባ ነው።”

ደረጀ በሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠራረገ። ንገሪያቸው ማለቱ ነው። እኔ ግን ሌላ ብልሃት መጣልኝ።

“አዴ፣ ከመጡ አይቀር እዚህ አንድ ሌላ ላንሳዎት? መብራቱም ጥሩ ነው” አልኳቸው፣ እየሳቅኩ።

አዴ ዘሃራ አዩኝ። “አንዴ ተነሳሁ፣ ይበቃል። ምነው፣ እሱ ተበላሸ?”

በሩ ይሄውላችሁ፣ ራሳቸው ከፈቱልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

“ኧረ ምንም አልሆነ፣ በጣም ነው ያማረው” አልኩ።

“እንግዲያው አንዱ ይበቃል” ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው መረቁኝ፤ ልጅ ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ አሉኝ። ደረጀ አንገቱን ደፋ። ከሄዱ በኋላ “እኔ ከዚህ በላይ አልችልም” ብሎ ወጣ፤ ያን ቀን ያኮረፈው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት በስልክ ውሸት አለቀ። መኪናው ዘገየ፣ ማተሚያው ተበላሸ፣ አታሚው ታመመ። አንዱ ውሸት ሌላውን ይጎትታል። ፈቲያ ሁሉንም አመነችኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ግን ስልኳ ቀረ። ተመስገን፣ ተወችው ብዬ ነበር። እግዜር ይይልሽ ብትሉኝ አይፈረድባችሁም።

በሳምንቱ ቅዳሜ በጠዋት ሱቅ ስከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሻንጣ ይዛለች። ባሏ ከመንገዱ ማዶ መኪና ይጠብቃል። ፊቷን በደንብ ሳላይ ምላሴ ቀደመኝ።

“ፈቲዬ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ታገሺኝ፣ መንገድ ላይ ነው…”

“እናቴ ሞተች” አለችኝ። “ማክሰኞ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ረቡዕ ጠዋት አልነቃችም። የዚያኑ ቀን ቀበርናት። አሁን መሄዴ ነው፣ ፎቶዋን ልውሰድ።”

ወንበሯን ስቤ ራሴ ተቀመጥኩባት። ከዚያ ነገርኳት። ሮውን፣ ኩርፊያውን፣ ሚኤሶን፣ ሁሉን። አዲስ አበባ የተላከ ፎቶ እንዳልነበረ ነገርኳት። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹን የሰማችው አይመስለኝም፣ እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ደረጀ ገብቶ “ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አለ። ዞር ብላም አላየችው።

“ምንም የለም?” አለች።

ያቺን ቁራጭ ከፈትኩላት። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ ቢጫውን ሻሽ በጣቷ ነካችው። ቀጥሎ ጣቷን ወደ ታች፣ ወደ ግራጫው አወረደችው፤ ፊት ሊኖርበት ወደሚገባው ቦታ።

“ይሄንኑ አትሚልኝ።”

“ፈቲያ፣ ይሄ እኮ ምንም…”

“አትሚልኝ አልኩሽ።”

አተምኩላት። በሻንጣዋ ሳይሆን በደረቷ ከልብሷ ሥር ከተተችው። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

“ሰው ያጠፋል፤ እኔ ልጅ ብሆንም ይሄን አላጣውም” አለችኝ። “የዚያን ቀን እዚህ ተቀምጣ ‘ተበላሸ ወይ?’ ብላ ጠየቀችሽ። አዎ ብትይ ለኔ ስትል ትነሳ ነበር። እናቴ እኮ እዚህ ነበረች፣ ሰናይት። እዚህ ወንበር ላይ።”

መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ካሜራ የምትይዙ፣ ሮው ይሻላል ወይስ ጄፔግ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሁለቱንም አድርጉ፤ ሚሞሪ ቢሞላ ሌላ ግዙ። ደረጀ ያኔ ያለኝን ነው የምላችሁ፤ ልክ ነበር። ግን አዴ ዘሃራን የበላቸው ሮው አይደለም። ቅዳሜ ማታ የጠፉት ፎቶዎቹ ብቻ ናቸው፤ ሴትየዋ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን በሕይወት ነበሩ። አሥራ አንዱንም ቀን የበላሁት እኔ ነኝ። ከመዘምራኑ ራሴን አገለልኩ፤ አንድ ዓመት ሙሉ አፌን ለመዝሙር መክፈት አፈርኩ። ዛሬ ሥራ ሲበላሽብኝ በዚያው ቀን እሄዳለሁ። ሰድበው ያባረሩኝ አሉ፣ ስሜን በገበያ ያነሱት አሉ። የፈራሁት ሁሉ ደርሶብኛል፣ ስድብ ግን ሰው አይገድልም። ደረጀ እስከ ዛሬ አንድ ቀን “ብዬሽ ነበር” ብሎኝ አያውቅም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈቲያ አንድ ጊዜ ደውላልኛለች። ሴት ልጅ ወልዳ ዘሃራ ብላታለች። የሕጻኗን ፎቶ በስልክ ላከችልኝና እንዲህ አለችኝ፤

“እዚህ እናቴን የሚያውቅ ሰው የለም። የኔም ዓይን ከለቅሶው በኋላ እያምታታብኝ ነው። አንቺ ፊት ለፊት ቆመሽ አይተሻታል፣ ሥራሽም ፊት ማየት ነው። ልጄ እሷን ትመስላለች?”

ሕጻኗን አየኋት። ዓይኔን ጨፍኜ አዴ ዘሃራን ፈለግኳቸው። ድምጻቸው ይሰማኛል፣ ሻሻቸው ይታየኛል፤ ፊታቸው ግን የለም። አዎ፣ ቁርጥ እሷን ብላት ደስ ይላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

“ፈቲያ፣ አላስታውስም” አልኳት።

“እሺ” ብላ ዘጋችው።